የመደብር መስተዋትና የምሽት መብራት

በኮልፌ ቀራንዮ ካሉት የልብስ መደብሮች በአንዱ ደጃፍ ቀን ቀን ቆሞ ገዢና ሻጭን የሚመለከት ሰው አንድ የቆየ ልማድ ሳያይ አይቀርም። ገዢዋ ከመደርደሪያው የወረደላትን ቀሚስ በእጅዋ ከዳሰሰች፣ ስፌቱንም ገልብጣ ካየች በኋላ፣ «እስቲ ወደ በር ይዤው ልውጣ» ትላለች። ሻጩም ይህን እንደ ንቀት አይቆጥረውም። እንዲያውም «ይመልከቱት እትዬ፤ ፀሐይ ላይ ይመልከቱት» ብሎ ራሱ ይዞላት ይወጣል። የጨርቅ ጥንካሬ በእጅ፣ ቀለሙ ግን በፀሐይ እንደሚፈተን ሁለቱም ያውቃሉና ስለ ነገሩ ክርክር አይነሣም።

ያችው ገዢ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ብትመጣ ግን ልብሱን ይዛ የምትወጣበት ፀሐይ የለም። ከበሩ ውጭ ያለው ጨለማ፣ ቢበዛም የመንገድ መብራትና የመኪና ፋና ነው። በዚያ ሰዓት ስለ ልብሱ የሚመሰክርላት ባለመደብሩ ከጣራው ላይ የሰቀለው አምፖል ብቻ ነው። እንግዲህ የልብስ ነጋዴ ሁሉ ሊመረምረው የሚገባ ጥያቄ፣ ይህ ምስክር እውነቱን ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚለው ነው።

ጉዳዩ እንደ ትንሽ ነገር እንዳይታይ የምሽቱን ገበያ መጠን ማሰብ ይበቃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆንዋ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም። ፀሐይ በኅዳር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ በሐምሌም ቢሆን 1 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በመርካቶና በመሐል ከተማ ሲሠራ የዋለው ሰው ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤቴል፣ ወደ ዓለም ባንክና ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚመለሰው ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው። የምሥራቅ ምዕራቡ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የምዕራብ ጫፍ ጣቢያው ጦር ኃይሎች በመሆኑ፣ ከባቡሩ የሚወርደው ሕዝብ ታክሲ ለመያዝ በመደብሮች መስተዋት ፊት ተሰልፎ ይቆማል። ለአንድ ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ሰውየው ደመወዙን በኪሱ ይዞ፣ ሌላ የሚያየው ነገር አጥቶ፣ ሩብ ሰዓት ያህል በመስተዋቱ ፊት ቆሟል።

በዚህም ላይ የከተማው አስተዳደር በ2017 ዓ. ም. በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ክፍት ሆነው እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። ደንቡን በደስታ የተቀበሉም፣ በሠራተኛና በመጓጓዣ ችግር የተነሣ ያጉረመረሙም ነጋዴዎች አሉ፤ የዚያ ክርክር ቦታ ግን እዚህ አይደለም። ለአሁኑ ጉዳይ የሚጠቅመው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል የሚቆይ ገበያ መኖሩ ነው። ይህ ገበያ በሙሉ የሚካሄደው በመብራት ነው።

በዚህ ሰዓት በየመንገዱ ዳር ያሉትን የልብስ መደብሮች መስተዋቶች እየተመለከቱ ቢያልፉ የሚታየው በሦስት ዓይነት ሊጠቃለል ይችላል። አንዳንዱ መደብር ከጣራው መካከል አንድ ረጅም ነጭ መብራት ሰቅሎ፣ ለመስተዋቱም ለመደርደሪያውም ለገንዘብ መቀበያውም በዚያው ተብቃቅቷል። ልብሱ ይታያል፤ ነገር ግን በመጋዘን ውስጥ እንደ ተከመረ ዕቃ ሆኖ ነው የሚታየው። ሌላው ደግሞ በመስተዋቱ ዙሪያ ቀይ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ እየሆነ ብልጭ ድርግም የሚል የመብራት ጥብጣብ ለጥፏል። ሦስተኛው ከበሩ በላይ ትልቅ ፓውዛ ሰቅሎ መንገዱን ቀን ያስመስለዋል፤ የመንገደኛው ዓይን በብርሃኑ ስለሚወጋ ግን አላፊው ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ሦስቱም ነጋዴዎች ገንዘብ አውጥተዋል። ከሦስቱ ብዙ የሚያስገርመው ሁለተኛው ነው። ነጩ የሐበሻ ቀሚስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀይም ሰማያዊም ሲሆን የምታይ ሴት ቀሚሱ በእውነት ምን እንደሚመስል ከወዴት ታውቃለች? እንዲህ ያለው መብራት ለሙዚቃ ቤት ይስማማ ይሆናል፤ ልብስን ግን ይሰውራል እንጂ አያሳይም።

ነጭ ብርሃን ሁሉ አንድ አይደለም። ቀድሞ በየቤቱ ይበራ የነበረው ባለ ክር አምፖል ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት የኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለሕዝብ ማደል ሲጀምር የብዙ ቤት ብርሃን በአንድ ጊዜ ከቢጫ ወደ ነጭ ተለወጠ። ከዚያም ኤልኢዲ የሚባለው መጣ። ለነጩ ኤልኢዲ መገኘት ምክንያት የሆነውን ሰማያዊ ኤልኢዲ የፈለሰፉት ሦስት የጃፓን ተወላጆች እ. ኤ. አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህም በአጋጣሚ የሚነሣ ወሬ አይደለም፤ የዛሬው ነጭ አምፖል በውስጡ ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጭ ነገር እንደሆነና ነጭ የሚመስለውም ሰማያዊው በላዩ በተቀባው ዱቄት አልፎ ከቢጫ ጋር ሲቀላቀል እንደሆነ ያላወቀ ነጋዴ ጨርቁ ለምን ቀለሙን እንደሚለውጥ ሊገባው አይችልም።

የብርሃኑ ዓይነት ኬልቪን በሚባል መለኪያ በአምፖሉ ካርቶን ላይ ይጻፋል። 2700 ወይም 3000 የተጻፈበት ወደ ቢጫ ያደላ፣ የእሳት ብርሃን የሚመስል ነው። 6500 የተጻፈበት ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር ያለውን ብርሃን የሚመስል ነው። 4000 በሁለቱ መካከል ይውላል። ታዲያ አንድ ነጭ ነጠላ ወርቃማና ቀይ ጥለት ያለው ሆኖ በእነዚህ በሦስቱ ሥር በተራ ቢሰቀል ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በ6500ው ሥር ነጩ በረዶ ይመስላል፤ ወርቃማው ጥለት ግን ሙቀቱን አጥቶ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ የለባሿም ፊት በመስተዋት ውስጥ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። በ2700ው ሥር ወርቁና ቀዩ ይደምቃሉ፤ ነጩ ግን ቅቤ የነካው፣ ሣጥን ውስጥ የከረመ ጨርቅ ይመስላል። ለነጭ ልብስ 4000ው፣ ወይም ወደ እርሱ የቀረበው፣ ከሁለቱ ጥፋት የሚያመልጥ ነው። ቡናማ ጫማና የቆዳ ጃኬት ለሚሸጥ ግን 3000ው የተሻለ ነው፤ ቆዳ ሞቅ ያለ ብርሃን ይወዳል።

ብዙዎቹ ቸርቻሪዎች አምፖል ሲገዙ የሚጠይቁት ስለ ዋቱና ስለ ዋጋው ብቻ ነው፤ ጥቂቶች ስለ ኬልቪኑ ይጠይቃሉ። ስለ ሦስተኛው ቁጥር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም፤ ለልብስ ነጋዴ ዋነኛው ደግሞ እርሱ ነው። ይህ ቁጥር ሲአርአይ ይባላል፤ አንድ መብራት የዕቃዎችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚሰጥ ማዕረግ ነው። የፀሐይ ብርሃንና የድሮው ባለ ክር አምፖል 100 ወይም ለእርሱ እጅግ የቀረበ ያገኛሉ። በገበያ የሚገኘው ተራ ኤልኢዲ 80 ወይም ከዚያ በታች ነው። 90ና ከዚያ በላይ ያለው ጥቂት ብር ይጨምራል፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም በመጠኑ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ነገር አለ። ይህ ማዕረግ የሚሰላው ስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞችን በመፈተን ነው። ደማቁ ቀይ ከስምንቱ ውስጥ የለም፤ ለብቻው ዘጠነኛ ሆኖ የሚለካ ሲሆን፣ አምራቹ ካልተጠየቀ በቀር ውጤቱን አይጽፈውም። ስለዚህ 80 የተጻፈበት አምፖል ደማቅ ቀይን ፈጽሞ አበላሽቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ማዕረጉ ግን አይነካበትም። በፈረንጅ አገር ለሚሸጥ ግራጫ ሱፍ ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል። በጃኖ ጥለት፣ በሰርግ ካባ፣ በቀይ መቀነት ለሚተዳደር ነጋዴ ግን የሚሸጠው ዋና ነገር ያ ቀይ ነው። በመጥፎ መብራት ሥር ደሙ የፈሰሰ፣ ወደ ቡናማ የተጠጋ ቀይ ይሆንበታል፤ ሸማኔው ቀን ሙሉ ተቀምጦ የሠራው ጥለት በአንድ ርካሽ አምፖል ከንቱ ይቀራል።

ከዚህ ጋር የነጭ ጨርቅን ነገር መጨመር ይገባል። በፋብሪካ የተሠራ ነጭ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ የማንጫ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ኬሚካሉ በፀሐይ ውስጥ ያለውን ለዓይን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚረጭ ሸሚዙ በፀሐይ ላይ ከነጭ በላይ የነጣ ይመስላል። ተራው ኤልኢዲ ያን ጨረር ስለማያወጣ ያው ሸሚዝ በመደብር ውስጥ ደብዝዞ ይታያል። የእጅ ፈትል ግን ይህ ኬሚካል ስለሌለበት በሁለቱም ቦታ ያው ነው፤ ክሬም የሚመስል የተፈጥሮ ነጭነቱን እንደያዘ ይኖራል። እንግዲህ የፈትል ቀሚስና የፋብሪካ ጨርቅ ቀሚስ ጎን ለጎን አሰልፎ በምሽት የሚያሳይ ባለመደብር፣ ሁለቱ በመብራቱ ሥር ተመሳስለው በማግሥቱ በፀሐይ ላይ ቢለያዩ ሊደነቅ አይገባውም።

ደምበኛዪቱም የምትመለሰው በዚሁ በማግሥቱ ነው። በምሽት የገዛችውን ቀሚስ ለክርስትና ልትለብሰው ጧት ከከረጢት ታወጣዋለች፤ ከጫማዋ ጋር እንዲገጥም ብላ የመረጠችው ቀለም ሌላ ሆኖ ታገኘዋለች። «ትላንት የሰጡኝ ይህን አይደለም» ትላለች። ሻጩ ይምላል፤ በእርግጥም ያው ነው። ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ይጣላሉ፤ ያጣላቸው ደግሞ ከጣራ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ያያቸዋል። በመርካቶ ከክፍለ ሀገር መጥቶ የሚገዛ ሰው ቢከፋውም ላይመለስ ይችላል። በኮልፌ ግን ገዢው የሰፈር ሰው ነው፤ እድርተኛ ነው፤ ልጁ ከባለመደብሩ ልጅ ጋር ይማራል። «እዚያ ቤት የሚሸጡት ሲወጣ ሌላ ነው» የሚል አንድ ቃል በአንድ እሑድ ስንት ቤት እንደሚደርስ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። በዚህም ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የልብስ ዋጋ በመናሩ ሰው ቀሚስ የሚገዛው ብዙ ጊዜ አስቦ ነው፤ ሲከፋም አብልጦ ይከፋዋል።

ታዲያ መብራት ልብስን ማሳመር የለበትም ማለት ነውን? አይደለም። ሙሽራን ማስጌጥ አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ሴት መተካት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መብራት ልብሱ ያለውን ውበት ሊያወጣ ይገባዋል፤ የሌለውን ቀለም መስጠት ግን ሽያጭ አይደለም። ይህም ከአምፖሉ ዓይነት ሌላ የአሰቃቀሉን ነገር ያመጣል።

መብራት ከፊት ለፊት በቀጥታ ሲያርፍ ጨርቁን ልሙጥ ያደርገዋል። ከላይና ከጎን አዘንብሎ፣ ከቁልቁል መስመር 30 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ ሲያርፍ ግን እያንዳንዱ የሽመና መስመር የራሱን ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ ጥለቱም ከጨርቁ ላይ የተነሣ ይመስላል። የሚያብለጨልጭ ክር ያለበት ጥለት በሰፊውና በተበታተነው የረጅም መብራት ብርሃን አያብለጨልጭም፤ ብልጭታ የሚሰጠው ከትንሽ ነጥብ የሚወጣ ብርሃን፣ ማለትም ስፖት የሚባለው ነው። ስስ ነጠላ ከበስተጀርባው ትንሽ ብርሃን ቢሰጠው ስስነቱ ራሱ ይናገርለታል። ጥቁር ሱፍ ብርሃንን ስለሚውጥ ከሌላው ይበልጥ ይፈልጋል፤ በጥቁር መጋረጃ ፊት ከቆመ ግን የቱንም ያህል ቢበራለት አይታይም፤ ከበስተኋላው ፈዘዝ ያለ ግድግዳ ያሻዋል። ነጭ ልብስ ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ከትንሽ ስፖት የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ገደማ ስለሚወርድ፣ ከአሻንጉሊቱ ራስ በላይ አንድ ሜትር ላይ የተሰቀለ ትንሽ አምፖል ከሁለት ሜትር ጣራ ላይ ካለው ትልቅ አምፖል ሊበልጥ ይችላል።

«ደምበኛን የሚጠራው ድምቀት ነው፤ ስለ ቀለም መጨነቅ የባለጠጋ ቡቲክ ነገር ነው» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ንግግራቸው በከፊል እውነት አለበት፤ ጨለማ መስተዋት ማንንም አይጠራም። ነገር ግን ዓይን ድምቀትን የሚለካው በአጠገቡ ካለው ጋር እያስተያየ ነው። በ2016 ዓ. ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ መንገዶችንና የሕንፃ ግንባሮችን በምሽት መብራት ካለበሰ ወዲህ፣ በጨለማ መንገድ ዳር ደማቅ ይባል የነበረው መስተዋት ዛሬ በብርሃናማ መንገድ ዳር ደብዛዛ ሆኗል። ከመንገዱ ጋር በዋት እሽቅድምድም መግባት ማለቂያ የለውም። ይልቁን ከመስተዋቱ ውስጥ አንዱን ወይም ሁለቱን ልብስ መርጦ፣ በዙሪያው ካለው ሦስትም አምስትም እጥፍ እንዲበራ ማድረግና ቀሪውን ማደብዘዝ ዓይንን ወደዚያው ይስበዋል። ሠላሳ ቀሚስ በአንድ ላይ አብርቶ ማሳየት ግን አንዱንም አለማሳየት ነው።

በቀን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። መስተዋቱ የመንገዱን ብርሃን ስለሚመልስ መንገደኛው በውስጡ የሚያየው ልብሱን ሳይሆን ራሱንና ታክሲውን ነው። ለዚህ የሸራ ጥላ ከየትኛውም አምፖል ይልቅ ይረዳል። ጥላው ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል፣ ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ መደብር በበጋው ሁሉ፣ እነ ገናና ጥምቀት በሚውሉበት ወራት፣ መስተዋቱ ፀሐይ ላይ ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነውን ደግሞ የማታ ፀሐይ ዓመቱን ሁሉ ታገኘዋለች። ብርሃን የቀለም ጠላት ነው፤ ጉዳቱም ይጠራቀማል እንጂ አይሽርም። በአሻንጉሊት ላይ ወር የከረመ ሰማያዊ ቀሚስ ትከሻው ነጥቶ፣ ከእጥፋቱ ሥር ያለው እንዳለ ቀርቶ ሲወርድ፣ ኪሳራው የባለመደብሩ ነው። በየሳምንቱ ልብሱን መለወጥ ይህን ያስቀራል፤ በየቀኑ ለሚያልፈው መንገደኛም አዲስ ነገር ያሳየዋል።

የመስተዋት ማሳያ ጉዳይ በሌላው ዓለም ከጥንት ጀምሮ እንደ ሙያ ተቆጥሯል። በአሜሪካ ስለ ኦዝ ጠንቋይ በጻፈው የልጆች መጽሐፍ የታወቀው ኤል ፍራንክ ባውም፣ ያን መጽሐፍ ከማሳተሙ በፊት እ. ኤ. አ. በ1897 በቺካጎ ለነጋዴዎች ስለ መስኮት ማሳያ ብቻ የሚጽፍ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። በለንደንም እ. ኤ. አ. በ1909 የተከፈተው የሰልፍሪጅ መደብር ከተዘጋ በኋላ እንኳ መስኮቶቹን በሌሊት እያበራ ይተው ነበር፤ ሕዝቡም ሊገዛ ባይችልም ሊያይ ይመጣ ነበር። በኮልፌ ይህን ማድረግ ይቻላልን? ባለመደብሩ ሲዘጋ የላሜራውን መዝጊያ እስከ መሬት ስለሚያወርደው መስተዋቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ የለም ማለት ይቻላል። ለጥበቃ ሲባል ይህ የማይነቀፍ ነው። ከላሜራ ይልቅ በፍርግርግ ብረት የተሠራ መዝጊያ ውስጡን እያሳየ ይጠብቃል፤ ዋጋው ግን የሚናቅ አይደለምና ለሁሉ የሚመከር አይሆንም።

ስለ ወጪ የሚነሣው ጥያቄ በሒሳብ ይመለሳል። እያንዳንዳቸው 50 ዋት የሚበሉ 8 የሃሎጅን ስፖቶች በቀን 5 ሰዓት ቢበሩ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በእነርሱ ፈንታ 7 ዋት የሆኑ 8 ኤልኢዲዎች ቢተኩ 8 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል አይሞሉም። ከመስከረም 2017 ዓ. ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተደርጎ ለአራት ዓመት የታቀደ በመሆኑ ይህ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመርቋል፤ ነገር ግን የግድቡ ኃይል መብዛት የቆጣሪውን ሒሳብ አይቀንስም።

ከወጪው ይልቅ የሚያሳስበው ሽቦው ነው። ከአንድ ሶኬት ላይ በዲቫይደር፣ ከዲቫይደሩም ላይ በሌላ ዲቫይደር እየተቀጠለ ስምንትና ዐሥር መብራት የሚሰቀልበት መደብር ጥቂት አይደለም። ሃሎጅን ሲሆን ደግሞ ከጨርቅ ጋር ሊነካካ የሚችል ትኩስ ነገር በደረቅ ጥጥ መካከል እንደ ማስቀመጥ ነው። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ. ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት፣ መንሥኤው ምንም ይሁን ምን፣ በጨርቅ መካከል የገባ እሳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለነጋዴው ሁሉ አሳይቷል። ለመስተዋቱ መብራት የተለየ መስመርና የራሱ ብሬከር በባለሙያ ማስዘርጋት ከአምፖሎቹ ዋጋ በላይ ቢያስወጣም ሊዘለል የሚገባው አይደለም።

አሁን የቀረው የአስመጪዎቹ ድርሻ ነው። ቸርቻሪው 90 ሲአርአይ ያለው አምፖል ቢፈልግ እንኳ ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ ቢያገኝም ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ አይጻፍም፤ ቢጻፍም ከአንዱ ካርቶን ወደ ሌላው ብርሃኑ ይለያያል። አስመጪው ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም ይላል። ይህ ዙሪያ ገጠም ነገር የሚሰበረው ከላይ ነው። ለአንድ ዕቃ ጭነት ትእዛዝ ሲጽፍ ስለ ዋቱና ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ኬልቪኑ፣ ስለ ሲአርአዩና ስለ ዘጠነኛው ቀይ ቁጥር የሚጠይቅ፣ ናሙናውንም ከማዘዙ በፊት የሚያበራ አስመጪ፣ ለልብስ ነጋዴው አንድ ጥቂት ብር የሚጨምር ዕቃ ያመጣል፤ ገዢ እንደማያጣ ግን ሊታመን ይችላል። በመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ያሉት ቸርቻሪዎችም አንድ አምፖል አብርተው ከማሳየት ይልቅ ሦስቱን ዓይነት ጎን ለጎን ቢያበሩ፣ ከሥራቸውም ቀይ ጥለት ያለው አንድ ነጠላ ቢሰቅሉ፣ ለገዢው ሌላ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

ባለመደብሩ ግን እስከዚያ ድረስ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ከሚሸጠው ውስጥ አንድ የፈትል ነጠላ ከቀይ ጥለት ጋር፣ አንድ የፋብሪካ ነጭ ሸሚዝ፣ አንድ ጥቁር ሱፍና አንድ ቡናማ ጫማ ይምረጥ። በእኩለ ቀን በደጃፉ ጥላ ሥር አስቀምጦ ልብ ብሎ ይያቸው፤ ከተቻለም የሚቀርበውን ደምበኛ ጠርቶ አብሮ ያሳየው። ማታ እነዚያኑ አራቱን በመስተዋቱ ውስጥ ባለው መብራት ሥር ያስቀምጣቸውና ከመንገዱ ማዶ ተሻግሮ ይመልከት። ነጠላው ከቢጫው፣ ቀዩ ከቡናማው፣ ሱፉም ከጨለማው ካልተለየለት፣ በማግሥቱ ጧት መለወጥ ያለበት አምፖሉ ነው።